ኖታ የተጨመረባቸው ሜጀር ኮርዶች፦ ብዙ ጀማሪ የሚሳሳትባቸው ቦታዎች

ኮርድ አብረው የሚመቱ ድምፆች ናቸው፤ ዶ ሜጀር ሦስት ድምፅ ነው፦ ዶ፣ ሚ፣ ሶል። (ዶ የምለው በእንግሊዝኛው ፊደል ሲ የሚባለውን ነው፤ ከሶልፌጁ ሲ ጋር እንዳይምታታባችሁ።) በእነዚህ ላይ አንድ ድምፅ ሲታከል ኮርዱ ሜጀርነቱን ሳይለቅ ቀለሙ ይለወጣል። ስህተቱም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው።

አድ 9ን ከ9 ጋር ማምታታት፦ ዶ አድ 9 ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ሬ ብቻ ነው (9 የሚባለው ከዶ ሲቆጠር ዘጠነኛው ድምፅ፣ ማለትም ከላይኛው ዶ ቀጥሎ ያለው ሬ ነው)። ዶ 9 ሲባል ግን ሲ ቤሞል (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሲ) ይገባበታል፤ ያኔ ኮርዱ ወደ ፋ ካልሄድኩ ይላል። ዘፈኑ ዶ ላይ ሊያርፍ ሲል ይህን ብትመቱ ማረፊያው ይጠፋል። «አድ» የሚለው ቃል ሰባተኛውን ድምፅ (እዚህ ሲ ቤሞልን) ተዉት ማለት ነው።

ሚን መጣል፦ ጊታር ላይ 5ኛውን፣ 2ኛውንና 1ኛውን ክር 3ኛው ፍሬት ላይ፣ 4ኛውን 2ኛው ፍሬት ላይ ያዙ፤ 3ኛው ክፍት ይሁን፣ 6ኛውን አትምቱ። ዶ አድ 9 ይህ ነው። አሁን 4ኛውን ክር የያዘውን ጣት ብቻ አንሱ። ሚ ጠፋች፤ የቀረው ሰስ 2 (በሚ ፋንታ ሬ የገባበት ኮርድ) ነው፣ ሜጀርም ማይነርም ያልሆነ። ያማረ ድምፅ ነው፣ ግን ሌላ ኮርድ ነው።

ፋን እንደ ሬ ቆጥሮ መጨመርም አለ። ፋ ከሚ የሚርቀው በግማሽ ድምፅ ስለሆነ ይጋጫሉ፤ አውቃችሁ ካልፈለጋችሁት ተዉት።

ቤዙን (ከሁሉም ዝቅ ብሎ የሚሰማውን ድምፅ) አለመስማት፦ ዶ 6 (ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ) እና ላ ማይነር 7 ድምፆቻቸው አንድ ናቸው። ቤዙ ዶ ላይ ከቆመ የመጀመሪያው፣ ላ ላይ ከቆመ ሁለተኛው ሆኖ ይሰማል። ስለዚህ ስሙን ከመጥራታችሁ በፊት ቤዙን ስሙ።

ለእኛ ጆሮ ትልቁ ግን ይሄ ነው፦ ትዝታ ሜጀርን በሰባተኛ ኮርድ (ሲ ወይም ሲ ቤሞል በሚገባበት) ማጀብ። ቅኝቱ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ሲ የለበትም። ሲ ስትጨምሩ ዘፋኙ ያልጠራውን ድምፅ እናንተ ታስገቡበታላችሁ። ዶ 6/9 (ዶ 6 ላይ ሬ ሲጨመር) ግን አምስቱን የቅኝቱን ድምፆች ይይዛል፣ ሌላ ምንም የለበትም። ኪቦርድ ላይ አምስቱን አንድ ላይ ታች አትጨቁኗቸው፣ ይደፈርሳል፤ ግራ እጅ ዶና ሶልን፣ ቀኝ እጅ ከፍ ብሎ ሚ፣ ላ፣ ሬን ይያዝ። ትዝታ ማይነር ላይ ግን ይህን ኮርድ አትሞክሩት፤ እዚያ ሚም ላም ቤሞል ናቸው።