የቤት ስልክ ወደ ራውተር ሲዞር የሚመጡ ችግሮችና መፍትሄያቸው (እንግሊዝ አገር ላላችሁ)

እንግሊዝ አገር የመዳብ ሽቦው የቤት ስልክ በጃንዋሪ 31 2027 ይዘጋል። መጀመሪያ በ2025 መጨረሻ ነበር የታሰበው ግን ተገፋ፣ አዲስ የመዳብ መስመር መሸጥማ ከሴፕቴምበር 2023 ጀምሮ ቆሟል። ስለዚህ የብዙ እናትና አባቶቻችን ስልክ ወይ ወደ ኢንተርኔቱ ሳጥን (ራውተር) ዞሯል ወይ ሊዞር ነው፣ ከዛ በኋላ "ስልኩ ሞተ" ብለው ይደውሉልኛል፣ ብዙውን ጊዜ ግን የሞተ ነገር የለም።

አንድ ነገር ብቻ ያዙ። ድሮ ስትደውሉ ማዞሪያው ከናንተ እስከሚያነሳው ሰው ድረስ አንድ መንገድ ለብቻችሁ ይይዝላችሁ ነበር፣ ዝም ብትሉም መንገዱ የናንተ ነው። አሁን ድምፃችሁ አብዛኛውን ጊዜ በየ20 ሚሊሰከንዱ እየተቆረጠ ትንንሽ ጥቅል (ፓኬት) ሆኖ ልጆቹ ከሚያዩት ዩቲዩብ ጋር ባንድ በር ይወጣል። ከታች ያሉት ችግሮች ባብዛኛው ከዚህ ነው የሚመጡት።

ስልኩን ሲያነሱት ጭጭ ይላል

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመኝ ይሄ ነው፦ ስልኩ አሁንም ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። ስልኩ ከዞረ በኋላ የግድግዳው ሶኬት ባዶ ነው። ነቅላችሁ ራውተሩ ጀርባ ያለው የስልክ ቀዳዳ ላይ ሰኩት። ፎቅ ላይ ወይ መኝታ ቤት ሌላ ስልክ ካለ እሱም በግድግዳው ሽቦ ስለነበር አብሮ ይጠፋል፣ ቀላሉ መፍትሄ ገመድ አልባ ስልክ ገዝቶ ዋናውን ራውተሩ ጋ ማስቀመጥ ነው፣ ሌሎቹ ቻርጅ ብቻ ይፈልጋሉ። ጣት እየከተቱ የሚያዞሩት አሮጌ ስልክ ደሞ ብዙ ራውተር ላይ ይጮሃል እንጂ አይደውልም።

የሰፈር ቁጥር እምቢ ይላል

የከተማውን ኮድ ጨምሩ። ለንደን ከሆናችሁ ስምንቱን ቁጥር ብቻ መምታት ቀርቷል፣ ፊቱ ላይ 020 ይግባ። አገር ቤት ስትደውሉ ያው 00251 ነው።

የአደጋ መጥሪያው ቁልፍ አይሰራም

እዚህ ጋ ቆም በሉ፣ ይሄን ጽሁፍ የጀመርኩት ለዚህ ነው። አንድ እማማ አሉ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ወድቀው ቢታመሙ የሚጫኑት ቁልፍ አንገታቸው ላይ አለ፣ ስልካቸው ከዞረ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሄጄ "እስቲ እማማ ይጫኑት" ስላቸው ተጫኑ፣ ማንም አልመለሰም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቁልፉ ጌጥ ነበር፣ ሳስበው አሁንም ያንቀጠቅጠኛል።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንዱ የቁልፉን ጥሪ በስልክ መስመሩ የሚያስተላልፈው ሳጥን ግድግዳው ላይ እንደተሰካ መቅረቱ። ሁለተኛው ግን ራውተሩ ላይ ብትሰኩትም ሊመጣ ይችላል፦ አሮጌው ሳጥን ከጥሪ ማእከሉ ጋር የሚያወራው በጩኸት ምልክት ነው፣ ምልክቱ ፓኬት ሲሆን ትንሽ ቢዘገይ ወይ ቢጎድል ማእከሉ አይገባውም። የሰው ጆሮ ትንሽ ቢጎድልበት ይሞላዋል፣ ማሽን አይሞላም። እንዲህ አይነት ከባድ አደጋዎች ደርሰው ነው በዲሴምበር 2023 የስልክ ድርጅቶች ከመንግስት ጋር ተስማምተው ቻርተር (የቃል ኪዳን ሰነድ) ፈርመው ሰውን ያለፈቃዱ ማዞር ለጊዜው ቆሞ የነበረው።

መፍትሄው፦ ከመዞሩ በፊት ለስልክ ድርጅቱ "ቤቱ ውስጥ ቴሌኬር (የአደጋ መጥሪያ ቁልፍ) አለ" ብላችሁ አስመዝግቡ፣ ቁልፉን የሰጣችሁን ክፍል ደግሞ ለብቻ ደውላችሁ ሳጥኑ ለዲጂታል መስመር ይሆናል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ካልሆነ ሲም ካርድ ያለው ይቀይሩላችሁ። የዞረ ቀን ደሞ ሰው እዛው እያለ ቁልፉ ይጫን፣ ድምፅ እስኪመልስ ድረስ ከቤቱ አትውጡ።

መብራት ሲጠፋ ስልኩም ይጠፋል

ድሮ ወደ 50 ቮልት ገደማ ከስልክ ቤቱ በዛው ሽቦ ይመጣ ነበር፣ ለዛ ነው ጨለማ ውስጥም ይደውል የነበረው። አሁን መብራት ከሌለ ራውተር የለም፣ ራውተር ከሌለ 999ም የለም። የስልክ ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው የኦፍኮም መመሪያ በቤት ስልክ ብቻ ለሚተማመን ሰው ድርጅቱ ቢያንስ ለ1 ሰዓት የአደጋ ጥሪ የሚያስደውል ነገር በነፃ እንዲሰጥ ያስገድዳል፣ ሞባይል የሌላቸው ወይ ኔትወርክ የማይደርሳቸው ካሉ ጠይቁ፣ መብታቸው ነው። ባትሪ ራሳችሁ ከገዛችሁ ፋይበሩ የሚገባባት ትንሿ ሳጥንም ባትሪው ላይ ትሰካ፣ ራውተሩ ብቻ በርቶ እሷ ከጠፋች ዋጋ የለውም።

ድምፅ ይቆራረጣል

ብዙ ሰው የኢንተርኔት ፍጥነት ሊጨምር ይሮጣል። አንድ ጥሪ በየአቅጣጫው 90 ኪሎቢት ገደማ ቢፈልግ ነው፣ ኢምንት ነው፣ ችግሩ ወረፋው ላይ ነው፦ አንዱ ልጅ ቪዲዮ ወደ ላይ እየጫነ ከሆነ የድምፁ ፓኬት ከኋላው ቆሞ ይጠብቃል፣ አንዱ ቶሎ አንዱ ዘግይቶ ሲደርስ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ሌላውን ሁሉ አጥፍታችሁ ደውሉ፣ ከጠራ ምክንያቱን አገኛችሁት፣ ራውተሩ ላይ ለድምፅ ቅድሚያ መስጫ ካለ አብሩት። ሁሉም ጠፍቶም ከተቆራረጠ ግን መስመሩ ላይ ነው፣ ሰዓቱን እየመዘገባችሁ ለድርጅቱ ስጡት።

እነሱ ይሰሙኛል እኔ አልሰማም

ይሄ የራሳቸውን ራውተር ወይ ሌላ የኢንተርኔት ስልክ አገልግሎት ያስገቡ ሰዎች ጋ ነው። ጥሪውን የሚያገናኘው መልእክትና ድምፁ ለየብቻ ነው የሚጓዙት፣ ራውተሩ "ላግዝ" ብሎ መልእክቱ ውስጥ ያለውን አድራሻ ሲያበላሸው ድምፁ መግቢያ ያጣል። ሴቲንግ ውስጥ ሲፕ ኤ-ኤል-ጂ (SIP ALG) የሚለውን አጥፉት፣ "ላግዝ" የሚለው እሱ ነው። ሁለት ራውተር ተቀጣጥሎ ከሆነም አንዱን ብሪጅ ሞድ ላይ (ዝም ብሎ እንዲያሳልፍ) አድርጉት።

ፋክስ ያላችሁ ሱቆች፣ ከቁልፉ ጋር አንድ አይነት በሽታ ነው፣ አገልግሎቱ ቲ.38 (ፋክስን በኢንተርኔት የሚያስተላልፍ ዘዴ) ይደግፍ እንደሆነ ጠይቁ፣ የማሽኑንም ፍጥነት ወደ 9600 ቢት በሰከንድ አውርዱትና ሞክሩ፣ ካልሆነ ስካን አድርጎ በኢሜይል መላክ ይሻላል።