ሚኒስትር በተቀየረ ቁጥር የምንሠራቸው ስህተቶች

ከጥቅምት 2009 እስከ መስከረም 2014 ባሉት አምስት ዓመታት የትምህርት ሚኒስትርነቱ ወንበር ላይ አራት ሰው ተፈራርቋል፦ ዶ/ር ሽፈራው ተክለማርያም፣ ዶ/ር ጥላዬ ጌቴ፣ ዶ/ር ጌታሁን መኩሪያ፣ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ። ወይዘሮ ገነት ዘውዴ ብቻቸውን ከአሥር ዓመት በላይ ነበሩ። መንዝ ውስጥ ርዕሰ መምህር ሆኜ ይህን ሁሉ አሳልፌያለሁ። ለአዲስ ተሿሚ ርዕሰ መምህራን የምለው አለኝ።

ዜና ሰምቶ በተማሪዎች ሰልፍ ላይ ማወጅ። ሹመቱ ማታ ይነገራል፣ ጠዋት አንዱ ማይክ ይዞ «ፈተናው ሊቀር ነው» ይላል። ኧረ ሰርኩላሩ፣ የመመሪያው ደብዳቤ፣ ይድረስ! ሰው ቶሎ ይቀየራል፣ ፖሊሲ ግን ይዘገያል። የ1986ቱ ፖሊሲ ያን ሁሉ ሚኒስትር ሸኝቶ በአዲስ የተተካው በ2015 ነው።

አሮጌ መጽሐፍ መጣል። እዚህ ላይ ደሜ ይፈላል፣ ምክንያቱም አድርጌዋለሁ። በ2015 አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 9ኛ እና 10ኛ ክፍል ሲገባ የድሮውን መጽሐፍ ከስቶር አውጥተን በኪሎ ሸጥነው። ኮሚቴ ነበረው፣ ቃለ ጉባኤም ተይዟል፣ ፊርማው የኔ ነው። አዲሱ መጽሐፍ ግን በሶፍት ኮፒ መጣ። ስልክ ለሌለው ልጅ ፒዲኤፍ ምን ያደርግለታል? ከወር በኋላ ሱቅ ሄጄ ሩብ ኪሎ ስኳር ገዛሁ። ቤት ገብቼ ስፈታው መጠቅለያው የ9ኛ ክፍል ሒሳብ ነው፤ ኳድራቲክ ኢኩዌሽን። ጥግ ላይ አንድ ተማሪ በእርሳስ ሠርቶበታል። ሦስተኛውን ተሳስቷል። ስኳሩን ገልብጬ ወረቀቱን ክፍል ይዤ ሄድኩ። እናንተዬ፣ ፓይታጎረስ ሹም ሽር አያውቀውም! ምዕራፉ ቦታ ቢቀይር እንኳ ጥያቄው ያው ነው። አዲሱ መጽሐፍ በእጃችሁ እስኪገባ አሮጌውን አትንኩ። ከገባም በኋላ ለቤተ መጻሕፍት አስቀሩለት። አይጥ እንዳይበላው ብቻ ከወለል ከፍ አድርጉት።

«አዲሱ ሰውዬ ምን እንደሚሉ እንይ» ብሎ ዕቅድ ማቆየት። ልጁ ጥቅምት ላይ ክፍል ውስጥ ነው፣ አስተምሩት።

ሁሉን ነገር ከሚኒስትሩ መጠበቅ። የመምህሩ ደመወዝ ከወረዳ በጀት ነው የሚከፈለው። ቅጥርና ዝውውርም እዚሁ ክልል ውስጥ ያልቃል። አንድ ወጣት መምህር ስለ ዘገየ ደመወዝ ለሚኒስትሩ ሦስት ገጽ ደብዳቤ ጽፎ እንድፈርምለት አመጣልኝ። የእጅ ጽሑፉ ያምራል፣ ልጁንም እወደዋለሁ። ቡና ጋብዤው ወረዳ ፋይናንስ ላክሁት።

ያለ ርክክብ መሄድ። ሚኒስትር ይፈራረቃል ብለን እናማለን፣ እኛስ? ሌላ ትምህርት ቤት ስዛወር የስቶሩን ቁልፍ በኮቴ ኪስ ይዤ ሄድኩ። በእኔ ቦታ የተተካው ሰው አፍሮ አልደወለም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጠመኔ ከጎረቤት ትምህርት ቤት ሲበደር ነበር።