ፓምፑ ይጮኻል፣ ግን አይስብም
ደሴ ቤቴ ውስጥ ቢራ ስጠምቅ ትኩሱን የብቅል ውሃ በጆግ መቅዳት ሰለቸኝና ሙቀት የሚችል ባለ 12 ቮልት ፓምፕ ገጠምኩ። ሞተሩ ይጮኻል፤ ከቱቦው ጠብ የሚል ነገር የለም። አዳፕተር ቀየርኩ። ፈትቼ አጠብኩ። ቱቦውን አሳጠርኩ። ሦስት ቀን ባከነ።

ለካ ይህ ዓይነቱ ፓምፕ አየር አይስብም፤ መጀመሪያ በፈሳሽ መሞላት አለበት። ከድስቱ በታች፣ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። መውጫውን ወደ ላይ አዞርኩ። የድስቱን ቧንቧ ከፍቼ፣ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ብሎ ወጥቶ ቱቦው ቡናማ እስኪሆን ጠበቅኩ። ከዚያ ሶኬቱን ሰካሁ፤ ተንፎለፎለ።

ፍሰቱን መቀነስ ከፈለጋችሁ በመውጫው በኩል ብቻ ነው። ደግሞ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የብቅሉ ውሃ እየተንተከተከ ፓምፑን ካስነሳችሁት እንፋሎት ይገባና ያው ጩኸት ይመለሳል። እሳቱን አጥፍታችሁ ፍላቱ ይረፍ።