ኤዲኤችዲ ያለበት ልጅ የቤት ስራ ሲያስቸግራችሁ

እዚህ ጎንደር አዘዞም በሉት ማራኪ፣ "ይሄ ልጅ ሰነፍ ነው፣ ሆን ብሎ ነው" ሲባል ስሰማ በጣም ነው የማዝነው። ኤዲኤችዲ ማለት ትኩረትንና እንቅስቃሴን መቆጣጠር የሚያስቸግር የአእምሮ እድገት ችግር ነው፣ ያለበት ልጅ ትኩረቱን መቆጣጠር ይከብደዋል እንጂ ሰነፍ አይደለም፣ ደግሞ ክፍል ውስጥ ዝም ብሎ ለመቀመጥ ሲታገል ውሎ ደክሞት ነው የሚመጣው፣ ከዛ "ደብተርህን አውጣ፣ ሂሳቡን ስራ፣ ስትጨርስ ቦርሳህን አዘጋጅ" ስትሉት የመጀመሪያዋን ሲይዝ ሌሎቹ ከጭንቅላቱ ይጠፋሉ። ስለዚህ አንድ በአንድ ንገሩት። ጥያቄው 10 ከሆነ ሶስቱን ብቻ አሳዩትና የቀረውን በወረቀት ሸፍኑት፣ ይቺ በጣም ትሰራለች፣ ምክንያቱም ገፁ ሙሉውን ሲታየው ከየት እንደሚጀምር ግራ ይገባዋል። 10 ወይ 15 ደቂቃ ከሰራ ይነሳ፣ ጊቢ ውስጥ ይሩጥ፣ ውሃ ያምጣላችሁ፣ ከዛ ይመለስ። ቆሜ ልስራ ካለም ይስራ፣ ምን ችግር አለው። ቲቪ በተከፈተበት፣ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት በሚጫወትበት ሳሎን ግን አታስቀምጡት በናታችሁ። ሰርቶ ደብተሩን ቤት ረስቶ የሚሄድም ብዙ ነው፣ እንደጨረሰ ወዲያው ቦርሳው ውስጥ ሲከት አብራችሁት ሁኑ። ገና ካልተመረመረ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ህክምና አለ፣ ሄዳችሁ ጠይቁ።