22-250 ጠመንጃ ረጅም አረር ሲገለብጥ

በትዕዛዝ የተሠራች፣ 22-250 ሬሚንግተን የሚባለውን የጥይት ዓይነት የምትተኩስ ጠመንጃ አለችኝ። 75 ግሬን (ግሬን የአረር ክብደት መለኪያ ነው) የሚመዝን ረጅም አረር በ100 ያርድ ስተኩስባት ወረቀቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ሞላላ ሆኖ ይወጣል። አረሩ በጎኑ እየመታ ነው ማለት ነው።

የስኮፑን ብሎኖች አጠበቅኩ። አፈሙዙን የመዳብ ቅሪት በሚያነሳ ፈሳሽ ወለወልኩ። ባሩዱንም መመሪያው በሚፈቅደው ልክ ቀነስ ጨመር አደረግኩ። ወይ ፍንክች!

በመጨረሻ የአፈሙዙን ጥምዝ፣ ማለትም አረሩ ሳይገለበጥ እንዲበር የሚያሽከረክረውን በውስጡ የተቀረጸ ጠመዝማዛ መስመር፣ በስንት ኢንች አንድ ዙር እንደሚዞር ለካሁ። እጀታው እንደ ልብ የሚሽከረከር የመወልወያ ዘንግ ያስፈልጋል። ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠበቅ አድርጌ ጠመጠምኩ፣ ዘንጉን በማርከር ምልክት አደረግኩ፣ ከዚያ ቀስ ብዬ ገፋሁ። ምልክቱ አንድ ዙር ዞሮ የተመለሰው ዘንጉ 14 ኢንች ከገባ በኋላ ነው። ይህ ለረጅም አረር በጣም ቀርፋፋ ነው፤ 75 ግሬን በ8 ኢንች አንድ ዙር ቢያገኝ ይመቸዋል።

መቀመጫው ዝርግ የሆነ 55 ግሬን አረር ገዛሁ። ቀዳዳዎቹ ክብ ሆኑ፣ አምስቱንም የሩብ ዶላር ሳንቲም ሸፈናቸው።

ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ክብደት ቢሆንም ወሳኙ ርዝመት ነው። ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራ አረር ክብደቱ እኩል ሆኖ ይረዝማል። እርሳስ አልባ ጥይት ለአደን ግዴታ በሆነበት ካሊፎርኒያ ያላችሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ጥምዙን ለኩ።