ወደ ሙሻ ደሴት ከመሄዳችሁ በፊት ኮምቦልቻ ላይ የሚለመድ ትንፋሽ

በባቲ፣ በሚሌና በጋላፊ በኩል ወደ ጅቡቲ ወደብ ጭነት ሳመላልስ የኖርኩ ሹፌር ነኝ። መኪናው ወረፋ ሲጠብቅ በጀልባ ወደ ሙሻ ደሴት እየተሻገርኩ የኮራል አለቶችን በስኖርክል፣ ማለትም ፊት ውኃ ውስጥ ተነክሮ በአፍ በሚተነፈስበት ቱቦ፣ ማየት ለመድኩ። አሁን ለእረፍት ወደዚያ የሚያስብ ዘመድና ጎረቤት እኔ ዘንድ ይመጣል። ለሁሉም የምነግረው፣ ከሁሉ በፊት ትንፋሽ እንዲለምድ ነው።

ሳፋ ውኃ ሙሉና ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። አፍንጫን ጭምር የሚሸፍነውን የውኃ መነጽር አጥልቁ፤ የስኖርክሉን ጫፍ ጥርሳችሁን ሳታጠብቁ በከንፈራችሁ ግጠሙና ፊታችሁን ንከሩ። አፍንጫ ስለተዘጋ መጀመሪያ ልብ ይመታል፣ ደረት ይጨነቃል። አትቸኩሉ። በአፍ በቀስታ ሳቡ፣ ከሳባችሁበት ረዘም አድርጋችሁ አስወጡ። ቁርጥ ቁርጥ ያለ ትንፋሽ ቱቦው ውስጥ የቀረውን ያገለገለ አየር መልሶ ስለሚያስገባ ድንጋጤውን ያባብሳል። ይህ ሲለመድ ሌላ ሰው ቱቦው ውስጥ ጥቂት ውኃ ያፍስስላችሁ፤ በአንድ ኃይለኛ ትንፋሽ ተፍታችሁ አስወጡት። ባሕር ላይ ሞገድ ቱቦውን ሲሞላው የምታደርጉት ይህንኑ ነው።

ቀጥሎ ከዋናተኛ ጋር ወደ ሐይቅ ሂዱ፤ እግር መሬት ከሚነካበት ዳርቻ አትራቁ። እዚያ መንሳፈፍ የለመደ ሰው የባሕሩ ጨው ይበልጥ ያነሳዋል። ያም ሆኖ ዋና የማይችል ሰው ያለ ተንሳፋፊ ጃኬት፣ የሚችልም ቢሆን ብቻውን አይግባ።

መነጽር ስትመርጡ ማሰሪያውን ሳታጠልቁ ፊታችሁ ላይ ለጥፉና በአፍንጫ ሳቡ፤ እጃችሁን ስትለቁ ካልወደቀ ልካችሁ ነው። ከአፍንጫ ሥር ያለ ወፍራም ጺም ውኃ ያስገባል። አዲስ መስታወት በጥርስ ሳሙና ታሽቶ ይታጠባል፤ ከመግባታችሁ በፊት ደግሞ ውስጡን በምራቅ አሽታችሁ ለቅለቅ ብታደርጉት ጭጋግ አይዝም።

ጀርባችሁን ፀሐይ እንዳያቃጥለው እጅጌ ረጅም ሸሚዝ ልበሱ። ከቅባት ሸሚዝ ይሻላል፤ ኦክሲቤንዞን የተባለ ኬሚካል ያለበትን የፀሐይ ቅባት የአሜሪካዋ ሃዋይ ለኮራል ስትል ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዳይሸጥ ከልክላለች።

ኮራል ድንጋይ ይመስላል፤ ሕይወት ያለው እንስሳ ነው። ክብ ክብ የሆኑት ትልልቆቹ በዓመት 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢያድጉ ነው። የሰው እግር በአንድ ርግጫ የስንቱን ዓመት እድገት እንደሚሰብር ሳስበው ያመኛል። ስለዚህ አትቁሙበት፣ አትያዙት። ሲደክማችሁ በጀርባችሁ ተንጋለሉ። ጉድጓዶቹ ውስጥም እጃችሁን አታስገቡ፤ እሾሃማ ፍጥረታት ይደበቁባቸዋል።

ከኅዳር እስከ ጥር ሙቀቱ ይበርዳል፤ ጅቡቲ ውስጥ ባለው በአርታ ዳርቻም ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ይመጣል። ምግቡ ፕላንክተን፣ ማለትም ውኃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት፣ ስለሆነ ሰው አይበላም። ፊት ለፊቱ አትግቡ፣ አትንኩት፤ ከጎኑ ቢያንስ 3 ሜትር፣ ከጭራው 4 ሜትር ራቁ፤ መንገዱን ከቀየረ አትከተሉት።