ብረት ሲነሣ የሚያም ትከሻ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ትከሻ ከሰውነት መገጣጠሚያዎች ሁሉ በስፋት የሚንቀሳቀሰው የክንድ አጥንት ክብ ራስ ያረፈበት ጎድጓዳ ስፍራ ጥልቀት ስለሌለው ነው። በቦታው አጽንተው የሚይዙትም በዋናነት ሮቴተር ካፍ የሚባሉት አራት ጡንቻዎችና ጅማቶቻቸው ናቸው። ስለዚህ ጂም ውስጥ ትከሻው የታመመ ሰው አስቀድሞ የሚያመው የት ላይና በየትኛው እንቅስቃሴ እንደሆነ ለይቶ ማወቅ አለበት።

ክንድ ወደ ጎን ሲነሣ የሚያም ከሆነ

ሕመሙ በትከሻው ውጫዊ ጎን የሚሰማ፣ ክንዱ ከ60 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ከፍታ ላይ የሚብስና በታመመው ጎን ሲተኙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ መነሻው ከሮቴተር ካፍ ጅማቶች አንዱ ነው። ጅማት ከጡንቻ ይልቅ ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር፣ ሁዳዴን አርፎ ከፋሲካ ማግስት የቀድሞውን ክብደት የሚጭን ሰው ጡንቻው ቢችለውም ጅማቱ ላይችለው ይችላል።

ሙሉ በሙሉ ማቆም ሕመሙን ያስታግስ ይሆናል እንጂ ጅማቱን አያጠነክረውም። የሚሻለው የሚያመውን እንቅስቃሴ ክብደት መቀነስና ጅማቱን ለብቻው ማሠራት ነው። የስፖርት ላስቲክ (የሚለጠጥ ማሠሪያ) ከበር እጀታ ጋር ይታሰርና፣ ክርን 90 ዲግሪ ታጥፎ ከጎን እንደተጠጋ፣ በክርንና በጎድን መካከል የተጠቀለለ ፎጣ ተይዞ፣ እጅ ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይዞራል፤ በዚያው ዝግታም ይመለሳል። ፎጣው ከወደቀ ሥራውን ሌላ ጡንቻ ወስዶታል ማለት ነው። ይህም የሚያም ከሆነ ክርኑ በዚያው እንዳለ የእጅን ጀርባ በግድግዳ ላይ ሳያንቀሳቅሱ ከ30 እስከ 45 ሰከንድ መግፋት በቂ መነሻ ነው። ሕመሙ ከ10 ቢለካ ከ3 ካልበለጠና እስከ ማግስቱ ጠዋት ከረገበ መጠኑ ተስማምቷል፤ ካልረገበ ይቀነሳል። ለውጡ በሳምንት አይጠበቅም፤ 12 ሳምንት መታገሥ የተለመደ ነው።

ቤንች ፕሬስ ሲሠራ ፊት ለፊት የሚያም ከሆነ

ቤንች ፕሬስ አግዳሚ ላይ በጀርባ ተኝቶ ብረትን ከደረት ወደ ላይ መግፋት ነው። ብረቱ ደረት ሊነካ ሲል የሚመጣ የፊት ለፊት ሕመም ብዙ ጊዜ የሚያያዘው ክርን ከትከሻ እኩል ወደ ጎን ከመዘርጋቱና አያያዙ ከልክ በላይ ከመስፋቱ ጋር ነው። ክርኖቹን ከጎን 45 ዲግሪ ያህል ማራቅ፣ በእጆች መካከል ያለውን ርቀት ከትከሻ ስፋት 1.5 እጥፍ አለማሳለፍ፣ ጠፍጣፋዎቹን የትከሻ አጥንቶች ወደ ኋላና ወደ ታች ሰብስቦ አግዳሚው ላይ መትከል ይረዳል። ሕመሙ እስኪበርድ ወለል ላይ ተኝቶ በዱምቤል (በአንድ እጅ በሚያዝ አጭር ብረት) መሥራት ይቻላል፤ ክርኑን ወለሉ ስለሚያቆመው ክንዱ ወደ ጎጂው ጥልቀት አይወርድም። ዲፕስ (በሁለት ትይዩ ብረቶች ላይ በእጅ ተደግፎ መውረድና መውጣት) ግን ለጊዜው ቢቀር ይመረጣል። ለመከላከሉም ቢሆን ደረት በተሠራ ቁጥር ቢያንስ ያንኑ ያህል የመጎተት ሥራ ቢታከል መልካም ነው፤ መስታወት ፊት የማይታየው ጀርባ በብዙዎች ዘንድ የተረሳ ነው።

ሕመሙ በአንድ ጣት የሚጠቆም፣ ትከሻ አናት ላይ ያለና ክንድን ወደ ተቃራኒው ትከሻ ሲያሻግሩ የሚብስ ከሆነ ጉዳቱ ያለው በላይኛው ትንሽ መገጣጠሚያ ነው፤ መፍትሔው ግን ለቤንች ፕሬሱ ሕመም ከተባለው ጋር ተመሳሳይ ነው።

ትከሻው ከቦታው ከወጣ፣ ክንዱ ከአደጋ በኋላ በድንገት አልነሣ ካለ ወይም እጅ ከደነዘዘ፣ ይህ የላስቲክ ጉዳይ አይደለም። ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ማስጎተትም አደገኛ ነው፤ ከመውለቁ ጋር ስብራት ሊኖር ስለሚችል አስቀድሞ በሐኪም ታይቶ ራጅ መነሣት አለበት። የግራ ትከሻ ሕመም ከደረት መጨነቅና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ደግሞ የልብ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።